32 ኪሎባይት

ባለፈው ሰሞን ስልኬ ቦታ የለኝም ብሎ ፎቶ ማንሳት ከለከለኝ። ምን ቢሞላው ነው ብዬ ስገባ ፎቶውም አልነበረም፣ ቪዲዮውም አልነበረም። «ጌም» የሚል ፎልደር ውስጥ 3,812 ፋይል ተኮልኩሏል። ከዚህ ሁሉ እስከ መጨረሻው የተጫወትኩት ስንቱን ነው ብዬ በጣቴ መቁጠር ጀመርኩ። አንድ እጄን እንኳ አልሞላም። አራት ነው።

እንዴት እንደተከማቸ አውቃለሁ። የድሮ ጌም ትንሽ ነው፤ ጣጣው ከዚያ ይጀምራል። በ1985 የወጣው ሱፐር ማሪዮ ብራዘርስ (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) ከነሙዚቃው፣ ከነሥዕሉ፣ ከነ32 ራውንዱ ሲጠቃለል 40 ኪሎባይት ነው። ዛሬ በስልክ የምናነሳው አንድ ተራ ፎቶ ሦስት አራት ሜጋባይት ይሆናል። በአንድ ፎቶ ቦታ ከሰባ እስከ መቶ ማሪዮ ይገባል ማለት ነው። ነገሩ እንዲህ ሲረክስ ሰው መምረጥ ትቶ ያግበሰብሳል። እኔም አግበሰበስኩ።

መጀመሪያ የተነሳሁት ትንንሾቹን ለማጥፋት ነበር። ሁለት መቶ ያህል አጥፍቼ የተለቀቀውን ቦታ ሳየው ለሦስት ደቂቃ ቪዲዮ እንኳ የሚበቃ አይደለም። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ማለት ይሄ ነው። ቦታውን የበሉት የፕሌይስቴሽን ሲዲዎች ነበሩ። አንድ ሲዲ እስከ 700 ሜጋባይት ይይዛል፤ እኔ ደግሞ ሰባ ምናምን አስቀምጫለሁ። ብዙዎቹን አንድ ቀን እንኳ ከፍቻቸው አላውቅም።

ስለዚህ ማደራጀት ጀመርኩ። እዚህ ላይ ጥፋቴን ልናዘዝ። ሦስት ሳምንት ሙሉ፣ ማታ ማታ፣ ጌም አልተጫወትኩም፤ ጌም አደራጀሁ። ሥራው ራሱ ሱስ አለው። አንዱ ጌም አምስት ቦታ ይገኛል፤ የአሜሪካው፣ የአውሮፓው፣ የጃፓኑ፣ ስህተቱ ታርሞ በድጋሚ የወጣው፣ ሲገለበጥ የተበላሸው። የትኛው ይቅር?

የአውሮፓውን ነገር በራሴ ደርሶብኝ ነው ያወቅኩት። ሶኒክን ልጅ ሆኜ ፍጥነቱ እያመለጠኝ እሞት ነበር። ስልኬ ላይ ስጀምረው ግን የማልሞተው የማልደነግጠው ሆንኩ፤ ዝላዩ በጊዜው፣ ማጎንበሱ በጊዜው። እድሜ ደግ ነው፣ ሰከንኩ ብዬ ለራሴ ኮራሁ። ለሁለት ሳምንት ያህል ጎበዝ ነበርኩ። በኋላ የፋይሉን ስም ልብ ብዬ ሳነበው የአውሮፓው ቅጂ ነው። የዚያን ጊዜ የአውሮፓ ቴሌቪዥን በሰከንድ 50 ጊዜ፣ የአሜሪካና የጃፓኑ 60 ጊዜ ነበር ሥዕል የሚቀይረው። ለ60 ተሠርቶ ሳይስተካከል ወደ 50 የተወሰደ ጌም በአንድ ስድስተኛ ያህል ይዘገያል፤ ሙዚቃውም አብሮ ይጎተታል። ጎበዙ እኔ ሳልሆን ቴሌቪዥኑ ነበር። የአሜሪካውን ስከፍት በመጀመሪያው ደቂቃ ሞትኩ።

ይህን የመሰለውን መዓት የሚለየው ቼክሰም ነው። ከእያንዳንዱ ፋይል ውስጥ ተሰልቶ የሚወጣ ቁጥር ነው፤ እንደ ጣት አሻራ ቁጠሩት። ፋይሉ ውስጥ አንዲት ቢት ብትዛነፍ ቁጥሩ ይለወጣል። ኖ-ኢንትሮ የሚባሉት የካሴቶቹን፣ ሪደምፕ የሚባሉት የሲዲዎቹን አሻራ አንድ በአንድ መዝግበው ይዘዋል። የእኔን ከእነሱ መዝገብ ጋር ሳስተያይ ከሺህ በላይ ፋይል ወይ ድግግሞሽ ነው ወይ የተበላሸ። ሬትሮአርች (የድሮ ጌም ማጫወቻዎችን፣ ማለትም ኮንሶሎችን፣ ስልክ ላይ የሚያስመስል አፕ፣ ኢሙሌተር የሚባለው) ፎልደር ስካን ሲያደርግ የማያውቀውን አሻራ ዝርዝሩ ውስጥ የማያስገባው በዚህ ምክንያት ነው። እኔ ግን ለወራት «ይሄ አፕ ጌሜን ይበላል» እያልኩ ስሙን ሳጠፋ ኖሬያለሁ።

ሲዲዎቹን ደግሞ ሲኤችዲ ወደሚባል ፎርማት ለወጥኳቸው። ከ1997 ጀምሮ የመጫወቻ አዳራሽ ጌሞችን ከመጥፋት ሲያድን የኖረው የሜም (MAME) ፕሮጀክት ያወጣው ፎርማት ነው። ሲዲውን ያለ ምንም ጉድለት ይጨምቀዋል፤ ሲፈለግ ደግሞ ወደነበረበት ይመለሳል። እንደ ፋይናል ፋንታሲ ሰቨን ያለ ባለ ሦስት ሲዲ ጌም ሲሆን ሦስት መስመር ብቻ ያላት የጽሑፍ ፋይል ትሠራለታላችሁ፤ በየመስመሩ የአንዱን ሲዲ ስም ጽፎ መጨረሻውን ኤም 3 ዩ ማለት ነው። ያቺ ፋይል ከሌለች አንዳንድ ኢሙሌተር ለየሲዲው የተለየ ሜሞሪ ካርድ ይከፍትና ሁለተኛው ሲዲ ስትደርሱ የመጀመሪያው ላይ ሴቭ ያደረጋችሁትን አያየውም። ስንት ሰው እዚያ ላይ ተስፋ ቆርጦ እንደተወው እንጃ። እኔ አንድ ጊዜ ትቼዋለሁ።

በሦስተኛው ሳምንት መጨረሻ ሁሉም በየስሙ፣ በየኮንሶሉ፣ ከነሽፋን ሥዕሉ ተሰደረ። ለማየት ደስ ይላል። ጣቴን እያንሸራተትኩ ሽፋን ሳይ አንድ ሰዓት አለፈ፤ ከዚያ ተኛሁ። በማግስቱም እንዲሁ። ሦስተኛው ቀን ላይ አንዱን ጀምሬ በሁለት ደቂቃ ሌላ ከፈትኩ፣ ከዚያ ሌላ። አንድ ካሴት ብቻ በነበረን ዘመን አንዱን ግድግዳ ሃምሳ ጊዜ የተጋጨሁት ልጅ አሁን ሁለት ጊዜ ስሞት ጌሙን እቀይራለሁ። መሄጃ ስላለኝ።

እንዲህ እያለሁ አንዱ ኢሙሌተር (ስሙ ይቅር) በከፈትኩት ቁጥር ይዘጋብኝ ጀመር። አጥፍቶ መልሶ መጫን ነው መድኃኒቱ ብዬ አጠፋሁት፤ መልሼ ጫንኩት። ጌሞቹ አሉ። ከፈትኩ። «ኒው ጌም» ይላል። ሌላውን ከፈትኩ። «ኒው ጌም»።

በአንድሮይድ ስልክ እያንዳንዱ አፕ «አንድሮይድ» ከዚያ «ዳታ» በሚለው ፎልደር ሥር የራሱ ጓዳ አለው። አፑ ሲጠፋ ሲስተሙ ያንን ጓዳ አብሮ ይጠርገዋል። የእኔ ኢሙሌተር ሴቮቼን እዚያ ነበር የሚያስቀምጠው። ከማጥፋቴ በፊት ማየት ነበረብኝ፤ አላየሁም። ከጌሞቹ በአንዱ ላይ ብቻ 61 ሰዓት ነበረኝ።

ከጌም ፋይሎቹ አንዱም አልጠፋም። ቢጠፋም በአንድ ማታ ይመለስ ነበር። የጠፉት አሥራ አንድ የሴቭ ፋይሎች ናቸው፤ ሁሉም ተደምረው የአንድ ፎቶ ሩብ አይሞሉም። እኔ ግን ለጌሞቹ አሻራ ስመረምር፣ ሽፋን ስለጥፍ ከርሜ ለእነሱ አንድ ኮፒ አላስቀመጥኩም።

ያን ማታ ትዝ ያለኝ ታናሽ ወንድሜ ነው።

ልጆች ሆነን አንድ ጌም ቦይ (በእጅ የሚያዝ የጌም ማጫወቻ) ለሁለት ነበረን፤ ካሴቱም አንድ፣ ፖኬሞን ሬድ፤ ፖኬሞን የሚባሉ ፍጥረታትን እየያዙ የሚያፋልሙበት ጌም። የሚያውቅ ያውቀዋል፣ ያ ካሴት የሚይዘው አንድ ሴቭ ብቻ ነው። ካሴቱ ውስጥ 32 ኪሎባይት የምትይዝ ሜሞሪ አለች፤ መብራት ሲጠፋ እንዳትረሳ ሳንቲም የምታክል ባትሪ አጠገቧ ተበይዶላታል። የአንድ ልጅ ክረምት በሙሉ ያቺ ባትሪ ላይ የተንጠለጠለ ነው። እኔ ስምንቱን ባጅ ሰብስቤ የመጨረሻው ፍልሚያ በር ላይ ቆሜ ነበር። ወንድሜ ገና ፊደል በቅጡ አይለይም። ተኝቼ ሳለ ከራስጌዬ አንስቶ ከመጀመሪያው ጀመረ። መጀመሩ ክፋት የለውም፤ ባይነካካው ባጠፋው ጊዜ የእኔው ይመለስ ነበር። ችግሩ ሴቭ ማድረግ ማወቁ ነው። ጌሙ ደግሞ አልደበቀውም፤ የድሮው ፋይል ይጠፋል፣ ይሁን? ብሎ ጠይቆታል። እሱ የሚያውቀው «ኤ» የምትባለዋ ቁልፍ ነገር እንደምታስኬድ ነው። ተጫናት።

ጠዋት ስነሳ በኩራት አሳየኝ። «እዪ፣ ድመት ያዝኩ።»

ፖኬሞኑ ድመት መሰለው እንጂ አይጥ ነበር። ከዚያ በኋላ የሆነውን አልጽፍም፤ እናታችን አሁንም ታነሳብኛለች።

ካሴቱ ዛሬም አለ። ባትሪው ግን ከሞተ ቆይቷል። አሁን ቢሰኩት «ኮንቲኒው» የሚለው መስመር የለም፤ የወንድሜም አይጥ ሄዷል።

የገባኝ ነገር ይሄ ነው። ስልኬ ላይ ያለው ፖኬሞን ሬድ በዓለም ላይ ካለ ማንኛውም ትክክለኛ ቅጂ ጋር በቢት አይለያይም፤ አሻራውን ሳስተያይ የነበረው ለዚህ አይደል? የእኔ ለመሆን ምንም የለውም። የእኔ የሆነው ከጎኑ የምትቀመጠው 32 ኪሎባይት ናት። ስሜ አለባት፣ ያባከንኩት ሰዓት አለባት፣ በስህተት የለቀቅኩት ፖኬሞን የለባትም። እኔ ግን የሁሉንም ሰው ዕቃ በወግ ደርድሬ የራሴን በረንዳ ላይ ጥዬ አደርኩ።

ስለዚህ እንደገና፣ በዚህኛው ተገልብጬ አደራጀሁት። መጀመሪያ «ሴቭ» የሚል ፎልደር፤ ከአፖቹ ጓዳ ውጭ፣ ሜሞሪው ላይ ፊት ለፊት። ኢሙሌተሮቹን ሁሉ ሴቲንጋቸው ውስጥ ገብቼ እዚያ ጻፉ አልኳቸው። ፎልደሩ ማታ ማታ ራሱ ወደ ኮምፒውተሬ ይገለበጣል። ከዚያ ጌሞቹን። ሴቭ ያለኝ ወይም ዛሬ ልጀምረው የምፈልገው ብቻ ቀረ፤ 23 ጌም። ሌላው ውጫዊ ዲስክ ላይ ነው፤ አላጠፋሁትም፣ ያን ያህልም አልጨከንኩም።

አንድ ነገር ግን ሳላነሳ አላልፍም፤ ሴቭና ስቴት ተለያይተው ይታወቁልኝ። ኤስአርኤም በሚል የሚያልቀው ፋይል ካሴቱ ላይ የነበረችው የባትሪዋ ሜሞሪ ናት። ጌሙ ራሱ የጻፋት ስለሆነች ከስልክ ወደ ስልክ፣ ከኢሙሌተር ወደ ኢሙሌተር ትሄዳለች። ስቴት ግን ኢሙሌተሩ የኮንሶሉን ሜሞሪ እንዳለ በዚያች ቅጽበት አድርቆ የሚያስቀምጠው ነው። ዘንዶው አፉን ከፍቶ እናንተ አየር ላይ እያላችሁ እንኳ ይይዛል። ምቹ ነው፤ ስልክ ሲደወልባችሁ ነፍስ ያድናል። ግን ኢሙሌተሩ በታደሰ ቁጥር አሮጌው ስቴት አልከፈት ሊል ይችላል። ስቴት ብቻ ይዘው ዓመት የሚጫወቱ ሰዎች አሉ፤ እባካችሁ ጌሙ ውስጥ ገብታችሁም ሴቭ አድርጉ።

ሴቭ የሌላቸው ጌሞች ደግሞ አሉ። ከጌም ቦይ ጋር በ1989 የወጣው ቴትሪስ ባትሪ የለውም፤ ሪከርዳችሁን ሰብራችሁ ማሽኑን ስታጠፉት አብሮ ይጠፋል። ምስክሩ አጠገባችሁ የነበረ ሰው ብቻ ነው። ሜጋ ማን ቱ ሜዳውን 25 ካሬ አድርጎ ዘጠኝ ነጥብ ያሳያችኋል፤ ወረቀት ላይ ገልብጣችሁ ሌላ ቀን መልሳችሁ ትደረድራላችሁ። አንዷን ነጥብ በአንድ ካሬ ካሳታችሁ አበቃ። ሜትሮይድ ጃፓን ውስጥ በዲስክ ሲወጣ ሴቭ ነበረው፤ ወደ አሜሪካ ካሴት ሲዛወር ግን በ24 ፊደልና ቁጥር ፓስዎርድ ተተካ። ኦ ይሁን ዜሮ እየተምታታ ስንቱ ደብተር ተቀደደ። ለእነዚህ ስቴት እጠቀማለሁ፣ ግን አንድ ሕግ አለኝ፤ ለመውጣት እንጂ ሞትን ለመሻር አይደለም። ማሪዮን በየዝላዩ ስቴት እያስቀመጥኩ አንድ ጊዜ ጨርሼዋለሁ። ምንም አልተሰማኝም። ከአራቱ ውስጥም አልቆጠርኩትም።

23ቱ የትኞቹ ናቸው ለምትሉ፣ አመራረጡን የወሰነልኝ አውራ ጣቴ ነው። መስታወት ላይ የተሣለ ቁልፍ ጠርዝ የለውም። ጣት ሳያውቀው ወደ ጎን ይንሸራተታል፤ ወደ ቀኝ ሩጥ ያልኩት ማሪዮ ገደሉ አፋፍ ላይ ቆሞ ያየኛል። አንድ ቀን ዓይኔን ከስክሪኑ ነቅዬ ግራ አውራ ጣቴን ብቻ አየሁት፤ ከቁልፉ አንድ ሳንቲሜትር ርቆ ባዶውን መስታወት በሙሉ እምነት ይጫናል። በብሉቱዝ የጆሮ ማዳመጫ ከሆነ ደግሞ የዝላዩ ድምፅ ማሪዮ ካረፈ በኋላ ነው የሚሰማው። ስለዚህ ዝላይና ቡጢ ያለባቸው ጆይስቲክ ስሰካ ብቻ። ስልክ ላይ የሚያምሩት ተራ የሚጠብቁ ጌሞች ናቸው፤ ፖኬሞን፣ የመጀመሪያዎቹ ፋይናል ፋንታሲዎች፣ አድቫንስ ዋርስ። ለአውቶቡስ ሰልፍ የተሠሩ ይመስላሉ። ሰልፉ ሲንቀሳቀስ ጠላት ቆሞ ይጠብቃችኋል።

ጌም ቦይን ደግሞ ስልኩን ሳላጋድም፣ እንደ ቆመ ነው የምጫወተው። ስክሪኑ 160 በ144 ነጥብ ነበር፤ በስድስት ሲባዛ 960 በ864 ይሆናል። 1,080 ነጥብ ስፋት ያለው የስልክ ስክሪን ላይ ግራና ቀኝ ትንሽ ጥቁር ትቶ ልክ ይገባል። በሙሉ ቁጥር ስለተባዛ አንዱ ነጥብ ወፍራም ሌላው ቀጭን አይሆንም። ከሥር ያለው ባዶ ለጣት ይተርፋል። ሥዕል ከላይ፣ ቁልፍ ከታች፤ ማሽኑ ራሱ እንዲያ ነበር። ሙሉ ስክሪን ካልሞላ ብለው ማሪዮን እንደ ሊጥ የሚለጥጡ ሰዎች ምን እንደሚታያቸው አላውቅም።

ስለ ሕጉ ሁልጊዜ እጠየቃለሁ፤ ባጭሩ። ኢሙሌተር መሥራት በራሱ ወንጀል አይደለም፤ ሶኒ ኮኔክቲክስ የሚባለውን ኩባንያ የፕሌይስቴሽን ኢሙሌተር ሠራህ ብሎ በከሰሰበት ጉዳይ የአሜሪካ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት በ2000 ለኮኔክቲክስ ነው የፈረደው። የጌሙ ፋይል ግን ባለቤት አለው። በሌላ በኩል ቪዲዮ ጌም ሂስትሪ ፋውንዴሽን በ2023 ባወጣው ጥናት ከ2010 በፊት አሜሪካ ውስጥ ከወጡት ክላሲክ ጌሞች 87 በመቶው ገበያ ላይ የሉም። ልግዛ ብትሉ የሚሸጥላችሁ የለም። እኔ የሚሸጠውን እገዛለሁ፤ ለቀረው ቀን ከሌሊት ኅሊናዬን አላስጨንቅም።

ወንድሜ የአይፎን ሰው ነው። አፕል ኢሙሌተርን ወደ አፕ ስቶር ያስገባው በኤፕሪል 2024 ስለሆነ እስከዚያ ድረስ ይሄ ሁሉ ለእሱ ወሬ ነበር። ሲፈቀድ ዴልታ የሚባለውን ጫነና ፖኬሞን ሬድ ጀመረ። ለእኔ አልነገረኝም። የነገረኝ ባለፈው ወር የሴቮቼን መጥፋት ስነግረው ነው። ሳቀ፤ ረጅም ሳቅ። ከዚያ በቴሌግራም አንድ ፋይል ላከ። 32 ኪሎባይት።

የፋይሉን መጨረሻ ከኤስኤቪ ወደ ኤስአርኤም ቀይሬ ከእኔው ጌም ጎን አስቀመጥኩና ከፈትኩ። «ኮንቲኒው» አለ። ተጫንኩት። ትንሿ ሳጥን ወጣች፤ ስም፣ ባጅ፣ የፖኬሞን ብዛት፣ ሰዓት። ሰባት ባጅ አለው። የተጫዋቹ ስም ሰባት «ኤ» ነው፤ ቁልፏን ደጋግሞ ተጭኖ አልፎታል፣ እንደ ልጅነቱ። ገብቼ ጥቂት ዞር ዞር አልኩ። ፖኬሞኖቹን አየሁ። አንደኛው ያቺ አይጥ ናት፤ «ድመት» ብሎ በላቲን ፊደል ስም አውጥቶላታል። ተቀናቃኙ ጋ ስደርስ ደግሞ ስሙ የእኔ ስም ሆኖ አገኘሁት፤ አንድም ፊደል ሳይሳሳት።

ስክሪኑን ፎቶ አንስቼ ላክሁለት። ወዲያው መለሰ።

«እያየሽ ውጪ። ሴቭ እንዳታደርጊበት።»